ሠላሳኛው ሰከንድ

እኚያን ሽማግሌ ከሥራ ቦታቸው ያስነቀልኳቸው እኔ ነኝ። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር በራሴ ላይ ደሜ ይፈላል።

የምሠራው አትላንታ፣ ካንሰር የሚጠናበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ለሴሎች ካርቦኑ ከተለመደው ትንሽ የሚከብድ ስኳር እናበላለን፤ ከዚያ ክብደቱን ተከትለን ስኳሩ ወደ ምን እንደተለወጠ፣ በምን ፍጥነትም እንደተጓዘ እንለካለን። ለዚህ ሴሎቹን በሰከንዱ ማስቆም ያስፈልጋል። ሠላሳ ከተባለ ሠላሳ ነው፤ ስኳሩን ደፍቶ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ሜታኖል፣ ሴሎቹን ባሉበት የሚያስቆመውን አልኮል፣ ማፍሰስ። ሴሎቹ ያሉበት ሳህን ከዘገየ ይጣላል።

ሽማግሌው የፎቃችን ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ፤ አባባ እላቸዋለሁ። የሚኖሩት አቮንዴል እስቴትስ ነው። መኪና አይነዱም፤ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ በአውቶቡስ ቤታቸው ደርሰው ለታመሙት ባለቤታቸው መድኃኒት ሰጥተው ይመለሳሉ። ሥራውን የያዙት ቅርብ ስለሆነ ብቻ ነው። በር ላይ ብቅ ሲሉ ብድግ ብዬ «ኖር» እላለሁ፤ «በእግዜር» ይላሉ፤ ከዚያ የእናቴ ጤና፣ የእኔ እንቅልፍ፣ ሁሉም በየተራው ይጠየቃል።

ያን ቀን የቀሩን የመጨረሻዎቹ ሳህኖች ነበሩ። ሴሎቹ ከአንዲት ታማሚ የተወሰዱ ናቸው፤ ምትክ የላቸውም። ሰዓት ቆጣሪውን ተጭኜ፣ ሜታኖሉን ይዤ ስጠብቅ በሩ ተከፈተ። እጄ ጠርሙሱን አስቀመጠ፤ እግሬ ቆመ፤ አፌ «ኖር» አለ።

«በእግዜር፣ ልጄ! እናትሽ ደህና አደሩ?»

ሰዓቱ ጮኸ። የታላቅ ሰው ሰላምታ ግን በመሃል አይቆረጥም። መልሼ ሳበቃ ሃምሳ ሰከንድ አልፏል።

«አባባ! ኤክስፐሪመንት እያደረግኩ እኮ ነው! አይታይዎትም?»

«ሶሪ ልጄ፣ ሶሪ» አሉና ጋሪያቸውን ወደ ኋላ እየጎተቱ ወጡ።

አለቃዬ ሳህኑ ለምን እንደተበላሸ ሲጠይቀኝ «የጽዳት ሠራተኛው አቋረጠኝ» አልኩት። ካፍ ከወጣ አፋፍ። እዚያው ፊቴ ለጽዳት ኩባንያው ኢሜይል ጻፈ። በማግስቱ አባባን ከከተማው በሌላው ጫፍ፣ ስማይርና ወዳለ ሕንፃ እንዳዛወሯቸው ሰማሁ። ከስማይርና አቮንዴል እስቴትስ፣ በምሳ ሰዓት፣ በአውቶቡስ ደርሶ መልስ! ቀልድ ነው እንዴ?

አለቃዬ ቢሮ ሮጬ ገባሁ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔ ነኝ የተነሳሁት» አልኩት።

«ለምን ተነሳሽ?» አለኝ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት።

«ታላቄ ናቸዋ!»

አልገባውም። እስቲ ላስብበት አለ፤ አላሰበበትም። እናት እንዳለችኝ እንኳ የማያውቅ ሰው ነው። በእሱም ተናደድኩ፤ ግን ኢሜይሉን ያስጻፈችው የእኔ ምላስ ናት፤ እሷን ምን ላድርጋት?

አባባ ስማይርናን አንድ ሳምንት ሞክረው ሥራውን ተዉት። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ደውዬላቸው።

«የተናገርኩብዎት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። እንዲሰድቡኝ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «ያ ሥራሽስ፣ ልጄ? ተረፈልሽ?»

«አልተረፈም፣ አባባ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያስተዋልኩት፤ ያን ሁሉ ጊዜ ቆሜ ነበር የማናግራቸው።