የአራተኛው መስመር ነጥብ

እስቲ ይህችን ነጥብ ተመልከቷት። ከዜማ መጽሐፉ ገጽ በስተቀኝ፣ አራተኛው መስመር ጫፍ ላይ ናት። የሰሊጥ ፍሬ ታክላለች። በጀርመኗ ፊውሰን ከተማ ሉት የሚባለውን የድሮ ባለ ክር መሣሪያ የሚጫወቱ ሰባት ሰዎች ለዚህች ነጥብ ሲሉ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ጣታቸውን ሲያርገበግቡ ኖረዋል።

ከሰባቱ አንዷ ቡርጊ ሶኸር ናት። ገበያ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን የተራራ አይብ ትሸጣለች፤ ድምፅዋ አደባባዩን ተሻግሮ ይሰማል። ሉት የጀመረችው ባሏ ከሞተ በኋላ ነው። ሆዱ ለሁለት የተከፈለ ሐብሐብ የሚመስለውን ያን መሣሪያ ታቅፋ ስትቀመጥ "ይኸኛው እንኳ አያንኮራፋም" ትላለች። ግማሹን ምሽት የምታሳልፈው ክሩን ስትቃኝ ነው፤ ከበግ አንጀት የተሠራ ክር ዝናብ በመጣ ቁጥር ይከዳል፣ ፊውሰን ደግሞ ዝናብ አጥታ አታውቅም።

የሰባቱ ተጫዋቾች ማኅበር አለቃ ዶክተር ኮርቢኒያን ይባላል፤ ጡረታ የወጣ ፋርማሲስት ነው። ለእሱ የድሮ ዜማ ማለት የሐኪም ማዘዣ ነው፤ መጨመር የለ መቀነስ የለ። የድሮዎቹ ሰዎች ጣት የትኛው ክር ላይ እንደሚያርፍ በፊደል ይጽፉና የቀረውን ለተጫዋቹ ይተዉታል። ዶክተሩ ግን የተተወ ነገር አይወድም። ነጥቧን ያየ ዕለት "ይህ ዜማውን የደረሰው ሊቅ ምልክት ነው፤ እዚህ ላይ ድምፁ መርገብገብ አለበት" ብሎ ደነገገ። በየገጹ እዚያው ቦታ ላይ መገኘቷ እንኳ አላጠራጠረውም። "ፊርማው ነዋ!" አለ። በዚህ ርዕስ ሁለት ሰዓት የፈጀ ንግግር አድርጓል፤ ሰውም አጨብጭቧል። የሚያናድደው ይሄ ነው! አንድ ሰው "ለምን?" ብሎ ቢጠይቅ ምን ነበረበት?

እናም ጭፈራም ይሁን ሙሾ፣ አራተኛው መስመር ጫፍ ሲደርሱ ሰባቱም ይርገበገባሉ።

ዘንድሮ ቡርጊ ለመጀመሪያ ጊዜ በበጋው ኮንሰርት ብቻዋን እንድትጫወት ተፈቀደላት። የባሏ መታሰቢያ ይሁን ብላ ሙሾ መረጠች። ልምምድ ላይ አራተኛው መስመር ጫፍ ደርሳ ጣቷን ጸጥ አደረገችው።

"ነጥቧስ?" አለ ዶክተሩ።

"ትቅርብኝ ዶክተር። ለቅሶ ቤት ስቅ ያለው ሰው ታስመስለኛለች።"

"ወይዘሮ ቡርጊ፣ እርስዎ አይብ ሲሸጡ ቀዳዳውን ይደፍኑታል?"

"ቀዳዳው የአይቡ ነው። ይቺ ግን ከየት እንደመጣች ማን ያውቃል?"

"ሊቁ ያውቃል።"

"ጠይቀውታል?"

"ሞቷል!"

"የኔም ሰውዬ ሞቷል። አንድም ቀን አርገብግቢልኝ ብሎኝ አያውቅም።"

የቀሩት ተጫዋቾች ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። "ወይ ያርገበግባሉ፣ ወይ የእሁዱን ኮንሰርት ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ።"

ቡርጊ በንጋታው እየተብከነከነች የአይብ ዋጋ ዝርዝሯን ኮፒ ልታደርግ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ማኅበሩ የዜማ መጽሐፉን ኮፒ ያደረገውም በዚሁ ቤት አሮጌ የኮፒ ማሽን ነበር። ወረቀቱ ሲወጣ ከተራራ አይቡ ዋጋ አጠገብ አንዲት ነጥብ ቁጭ ብላለች። በአውራ ጣቷ ጠረገቻት፤ አልለቀቀችም። ሌላ ኮፒ አደረገች፤ ያችው ነጥብ። የሙሾውን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ በላዩ ደረበችና ወደ መስኮቱ አነሣችው። ነጥብ በነጥብ ላይ ገጠመ።

እየሮጠች ዶክተሩ ቤት ደረሰች። "ዶክተር፣ ሊቁ አይብም ይሸጥ ነበር እንዴ?"

ዶክተሩ የዋጋ ዝርዝሩን ረጅም ጊዜ አየው። "ምናልባት ምልክቱ..." አለ፣ "ሰፋ ያለ አገልግሎት ነበረው ይሆናል..."

"ይነሡ፣ እንሂድ!"

የማሽኑን መስታወት ፈትተው አነሡት። ከሥሩ አንዲት ትንኝ ደርቃ ተጣብቃለች።

"ትንኝ" አለ ዶክተሩ፣ የወረቀት ካርቶን ላይ ዝርፍጥ ብሎ።

"ፊርማዋን እንኳን አወቁላት።"

ከዚያ ቀና አለ። "እሁድ ይጫወታሉ። ግን ያለ ነጥብ! በጥብቅ ያለ ነጥብ! ማርገብገብ ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው!"

እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። ቡርጊ ሙሾውን ጀመረች። አራተኛው መስመር ስትደርስ ዓመት ዓመት የሚመጣው ሰው ሁሉ የለመደውን መርገብገብ ጠብቆ አንገቱን አሰገገ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት የሥጋ ሻጩ ሚስት መሐረባቸውን አዘጋጁ። በዚያች ቅጽበት ቡርጊ የባሏ ቀብር ትዝ አላት። ያን ቀን ስቅታ ይዟት ነበር፤ ቄሱ ጸሎቱን አቋርጠው እስኪያዩዋት፣ ለቀስተኛው እንባውን እየጠረገ እስኪስቅ ድረስ። እንዴት ረሳችው?

ጣቷን አርገበገበች። ደግማም አርገበገበች።

ዶክተሩ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። "ትንኝ ነው'ኮ!"

ሰው ሁሉ ትንኝ ፍለጋ ተራወጠ። አንዱ የገዛ ማጅራቱን በጥፊ አጮለው።

"አውቃለሁ!" አለች ቡርጊ መጫወቷን ሳታቋርጥ። "ያኔ የትንኟ ነበር፣ አሁን የኔ ነው። ይቀመጡ!"

ተቀመጠ። ምን ያድርግ!

እናንተም ወረቀት ስላዘዛችሁ ብቻ የምትርገበገቡ ከሆነ፣ እባካችሁ አንድ ጊዜ መስታወቱን አንሥታችሁ እዩ። ትንኝ ካገኛችሁም ለመጥረግ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ዜማውን አንዴ ተጫወቱት።