የወንድሜ ሙሾ በጣሊያን መጽሐፍ

ግጥም በትእዛዝ ሲገጠም ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጣሊያን ባሕር ዳር ከተቀመጠ በኋላ፣ የአገሩ ገዥ የሆነው መኮንን ሕዝቡ መንግሥቱን በሚያመሰግን ግጥም እንዲወዳደር፣ የተሻሉትም ተሰብስበው በመጽሐፍ እንዲታተሙ አዘዘ። ጭቃ ሹሙ በየደጁ እየዞረ፣ ከየሰፈሩ ግጥም ካልመጣ ጠያቂ አለብኝ እያለ ለመነን።

መሰብሰቡን የያዘው የመኮንኑ አስተርጓሚ ነበር። ባዕድ አይደለም፤ የአባቴ የአክስት ልጅ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ወንድሜ ከደልጊ እህል ጭኖ በታንኳ ሲመለስ፣ ለአርበኞች ስንቅ ታቀብላለህ ተብሎ ከዚሁ መኮንን የሞተር ጀልባ በተተኮሰ ጥይት ሲሞት፣ አስተርጓሚው ለቅሶ ደርሶናል። ንፍሯችንን ቆርጥሟል። ሬሳው ከሐይቁ ስላልወጣ ልብሱን ዘርግተን ነው ያለቀስነው። እናቴም መሐል ቆማ እንዲህ ስትል ሰምቷታል፦

ልጄ ነው የጣና ማዕበል የሚፈራው፣
አገሩ በጭንቅ ቀን በስሙ የሚጠራው።

በእኛ አገር አልቃሽ የአንዱን ሙሾ ስም ለውጣ ለሌላው ብታወርደው ነውር የለበትም። እናት ለልጇ የገጠመችው ግን የሟቹ ነው፤ ማንም ለሌላ ሰው አያነሣውም። ይህን ልጅ አዋቂው ያውቃል፤ አስተርጓሚውም ያውቅ ነበር።

ግጥም የሚያመጣ ጠፋ። አንዳንዱ አልችልበትም አለ፣ አንዳንዱ መሸንቲ ገበያ አለብኝ ብሎ ሾልኮ ቀረ። አስተርጓሚው ከጌታው ፊት ባዶ እጁን ላለመቅረብ ከለቅሶ ቤታችን ያገኘውን ወሰደ። በጆሮዬ ባልሰማ ኖሮ አላምንም ነበር።

ግጥሞቹ የሚነበቡ ዕለት ከየቤቱ ሰው ተጠርቶ ዋርካው ሥር ተሰበሰብን። አስተርጓሚው ዐይኑን በጨው አጥቦ ተነሣና፣ «ልጄ ነው» የሚለውን አውጥቶ፣ «ጌታዬ የጣና ማዕበል የሚፈራው» ብሎ አነበበ። ወንድሜን ያስገደለው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ በወንድሜ ሙሾ ይሞገሳል። ደሜ ፈላ፤ ዛሬ ስጽፈውም ይፈላል።

እናቴ አልጮኸችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሐል ገባችና ግጥሙን እንደነበረው፣ በለቅሶው ዜማ አወረደችው። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ተቀበሏት። መኮንኑ ዘፈን መስሎት አጨበጨበ፤ ማን ናት ብሎም ጠየቀ። አስተርጓሚው ምን ይበል? የግጥሙ ባለቤት እሷ ናት አለው። በዚያ ቀን ከአፉ የወጣ እውነት ይኸው ብቻ ነው። መኮንኑም ሽልማቱን፣ አንድ ጣቃ አቡጄዲ፣ በእጁ ሰጣት። በአቡጄዲ እኛ ሬሳ እንገንዝበታለን።

እናቴ ጨርቁን ታቅፋ ወደ አስተርጓሚው ዞረች።

«ሬሳውን ነሥቶኝ መግነዙን ሰጠኝ ብላለች በለው» አለችው።

አስተርጓሚው መሬት መሬት እያየ በጣሊያንኛ አጭር ነገር ተናገረ። መኮንኑ ፈገግ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ምን እንደተባለ ለመገመት ጣሊያንኛ ማወቅ አያስፈልግም።

መጽሐፉ ታተመ። ግጥሙ «ጌታዬ» እንደተባለ፣ ከሥሩ የእናቴ ስም ተጽፎበት ወጣ። ጣሊያን ተባረረ፣ መጽሐፉ ግን በየሰው ቤት ቀረ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ አስተርጓሚው በነጻነቱም ዘመን ሹመት አላጣም። እናቴ ግን ለጣሊያን የገጠመች፣ አቡጄዲ የተሸለመች ተባለች። ዋርካው ሥር የነበሩት ሲሞቱና ሲበተኑ፣ መጽሐፉን ብቻ የሚያውቁት በዙ። እሷ ለማስተባበል አንድ ቀን እንኳ አፏን አልከፈተችም፤ እኔ ግን ከስንቱ ጋር ተጣላሁ።

እናት ለልጇ የገጠመችው ሙሾ ለሌላ ሰው ባይነሣም፣ እሷ ራሷ ስትሞት ግን በለቅሶዋ ላይ ይወርድላታል። እሷ የሞተች ዕለት ተነሥቼ «ልጄ ነው የጣና» ብዬ ስጀምር የሚቀበለኝ ጠፋ። አንዲት ጎረቤት ነጠላዬን ጎተት አድርጋ፣ «ተይ እባክሽ፣ የጣሊያን ግጥም ለቅሶ ላይ አይባልም» አለችኝ።

እጇን ከነጠላዬ ላይ አንሥቼ ብቻዬን ጨረስሁት።