የሁለት ላሞች እበት

ታቢታ ሁለት ላም፣ አንድ የእንሰት ጓሮና ኩማ የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ባል ነበራት። በ1978 ዓ.ም. ቡሹሎ ውስጥ የዚያ ዕድሜ ባል ያላት ሴት የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ትደነግጣለች፤ ሠላሳ ያልሞላውን ሁሉ የሚወስድ ብሔራዊ ውትድርና ነዋ! ስለዚህ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር «የመንግሥት ሙከራ ቤታችሁ ይግባ፤ ሙከራው እስካለ ድረስ ኩማን የሚነካው የለም» ሲላት፣ የምን ሙከራ እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ እሺ አለች።

በእበት ጋዝ የሚሠራ ምድጃ ይዞ ወልደጻድቅ መጣ። ብረታ ብረት የተማረ፣ ከሐዋሳ ከተማ የተላከ ሠራተኛ ነው። ጓሮ ጉድጓድ አስቆፍሮ በሲሚንቶ አስለሰነ፤ በላዩ የብረት ክዳን ደፋበት፤ ቱቦውን እስከ ማጀት ሳበ። እበትና ውሃ እኩል ለእኩል ተበጥብጦ ይገባል፤ ጋዙ ሲጠራቀም ምድጃው ያለ ጭስ ይነድዳል። ወልደጻድቅ እዚያው ቤት እየበላና እያደረ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እበቱን ይመዝናል፤ ሁለት ሊትር ውሃ ይጥድና በስንት ደቂቃ እንደፈላ ይጽፋል።

«የሚገኘው እበት ሁሉ ለጉድጓዱ ነው። ትንሽ እንኳ ሌላ ቦታ እንዳይሄድ» አላት።

«እሺ ጋሼ።»

እሺ ማለት ቀላል ነው። እናቷም አማቷም እበት የሚጥሉት እንሰት ሥር ነበር። እንሰት እበት ካጣ ይኮሰምናል፤ ቤቱ የሚበላው ደግሞ እሱን ነው። ታቢታ ወልደጻድቅ ሳይነሣ በየማለዳው አንድ ቅርጫት ትዝቅና ጓሮ ትደፋለች። አንድ ቅርጫት ምን ያጎድላል?

እሳቱ ከሳምንት ሳምንት እያጠረ ሄደ። ውሃው ሳይፈላ ሰማያዊው ነበልባል ድርግም ይላል።

«ላሞቹ እርስዎን ሲያዩ አፍረው ነው» አለ ኩማ። «ሚዛን ይዘው ቆመውበት ማን ይጸዳዳል?»

ወልደጻድቅም ሳቀ። የጻፈው ላይ ግን ሳቅ የለበትም፦ «ሁለቱ ላሞች በቀን አሥራ ሁለት ኪሎ ብቻ ይሰጣሉ። አይበቃም። ሙከራው አራት ላም ወዳለበት ቤት ይዛወር።» ለታቢታ የነገራት ወደ ሐዋሳ ከላከው በኋላ ነው፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ እንዳረጋገጠው ጭምር።

ታቢታ ባለችበት መሬት ቁጭ አለች።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ሳይነሡ ለእንሰቱ እወስድ ነበር። ላሞቹ ምንም አላጎደሉም። ይጻፉልኝ!»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ። አንድ ቅርጫት።»

ወልደጻድቅ እርሳሱን አውጥቶ ደብተሩ ጠርዝ ላይ ደመረ። «ስምንት ኪሎ ገደማ፤ ሃያ ሞላ ማለት ነው» አለ፤ ሒሳቡ ስለመጣለት ደስ ያለው መሰለ። ከዚያ ደብተሩን ዘጋ።

«ይህን ብጽፍ፣ ‹ሦስት ወር እዚያው ቤት ተኝተህ እበቱ ሲወሰድ አላየህም?› ብለው ከሥራ ያባርሩኛል። እኔም እኮ ሠላሳ አልሞላኝም፣ ታቢታ።»

«ባሌ ነው፣ ጋሼ።»

«ለማንም አትንገሪ። ለሱም ቢሆን። ማወቁ ምን ይጠቅመዋል?»

አልነገረችውም።

ማክሰኞ ጠዋት መኪና መጣ። ምልምል ለመውሰድም ምድጃውን ለማዛወርም የተገኘው ያው አንድ መኪና ነበር። ሊቀመንበሩ ስም ሲጠራ ኩማን አስቀደመ፤ «ሙከራው አብቅቷል» አለ። ወልደጻድቅ ምድጃውን ከቱቦው ፈትቶ በጆንያ ጠቀለለና ከምልምሎቹ መሐል አስቀመጠው። እሱ ጋቢና ገባ፤ አንገቱንም በመስኮት አወጣ።

«ኩማ፣ መንገዱ ኮረኮንች ነው። እንዳይጋጭ ጭንህ ላይ ያዝልኝ።»

ኩማ በሁለት እጁ አቀፈው። መኪናው ሲነሣ ለታቢታ አንድ እጁን ሊያነሣ ሞከረ፤ ምድጃው ተንሸራተተ፤ መልሶ ያዘው።