ናቲ «ነ» ላይ የደረሰ ቀን

የቆዳ ሽታና የተነጠረ ቅቤ ሽታ አንድ ላይ ሲመጡብኝ፣ ለእኔ ቤዝቦል ተጀመረ ማለት ነው። አባዬ ለወንድሜ ለናቲ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የገዛለት ጓንት እንደ እንጨት ደርቆ ነበር፣ አባዬም ለጓንት የሚሆን ዘይት በሱቅ እንደሚሸጥ ሳያውቅ፣ እማዬ ለፋሲካ ብላ በኮረሪማና በበሶብላ ያነጠረችውን ቅቤ በማንኪያ ቀድቶ፣ እንደ ጫማ ቀለም አዳርሶ ቀብቶ፣ በረንዳ ላይ ለፀሐይ አሰጣው። ጓንቱ እውነትም ለሰለሰ፣ ሽታው ግን አልለቀቀውም። ጊዜው ሁዳዴ ስለነበረ እማዬ ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አሸተተችና፣ «ጓንቱ አይጾምም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። እስከ ፋሲካ ቤት እንዳይገባ ስለፈረደችበት ጾሙን በረንዳ ላይ በፌስታል ተጠቅልሎ አሳለፈ፣ የጎረቤታችን ውሻም በየቀኑ እየመጣ ይጠይቀው ነበር።

ያን ጊዜ ቴክሳስ፣ ቤድፎርድ ውስጥ በረንዳዋ ከመሬት የምትገጥም ትንሽ አፓርትመንት እንኖር ነበር። እኔ አሥራ ሁለት፣ ናቲ አሥራ አራት ዓመታችን ነበር፣ ከአዲስ አበባ ከመጣን ሦስተኛ ዓመታችንን ይዘናል። እማዬ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራ ነበር፣ አባዬ ደግሞ ኤርፖርት ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናሉ መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። ቤዝቦልን የለመደውም እዚያው መሪ ላይ ሆኖ በሬዲዮ ነው፣ እንግሊዝኛውም ከኳሱ ጋር አብሮ ገባለት። ከፋሲካ በኋላ ምሽቱ ሲሞቅ ሬዲዮኑን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጦ ይቀመጣል፣ የሥራ ባልደረባው ጋሽ ታደሰም ጥቁር ከረጢት ሙሉ ሱፍ ይዞ ይመጣና፣ ሁለቱ ሱፍ እየፈለጡ ስለ ከተማችን ቡድን ይከራከሩ ነበር። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ድምፁ ስለማያሰማ ክርክሩን ካቆሙበት ቃል ላይ ይተዉታል፣ ሲያልፍም ከዚያችው ቃል ይቀጥላሉ።

የተጫዋቾቹ ስም ስለሚያስቸግራቸው የራሳቸውን ስም ያወጡላቸው ነበር። ከኳስ ወርዋሪዎቹ፣ ማለትም ከፒቸሮቹ፣ አባዬ አብልጦ የሚወደውን «ዝምተኛው» ይሉት ነበር። ክርክራቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ዝምተኛው መቼ ይውጣ?

«ሶ ምን ይሁን ነው የምትለው ግርማ? ክንዱ እስኪወልቅ ይወርውር?» ይል ነበር ጋሽ ታደሰ።

«የጀመረውን ይጨርስ ነው የምለው። አንተ ፈረቃህ ሳያልቅ አውቶቡሱን ለሌላ ሰው ሰጥተህ ትወርዳለህ?»

«ቢፈቅዱልኝ አሁኑኑ እወርዳለሁ።»

እኔ እንግዳ ሲመጣ መኝታ ቤት የምደበቅ፣ ሰላም በይ ስባል መሬት መሬት የማይ ልጅ ነበርኩ። በዚያች በረንዳ ላይ ግን በተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጬ ሥራ ነበረኝ። እማዬ የአማርኛ ፊደል እንዳይጠፋብኝ በቀን አንድ ገጽ እንድጽፍ አዝዛኝ ነበር፣ እኔም ለእያንዳንዱ ውርወራ አንድ ፊደል እየጻፍኩ፣ ሀ ሁ ሂ ብዬ ሰባቱን ስጨርስ ወደ ለ እየወረድኩ፣ የእማዬን ገጽና ጨዋታውን አብሬ እጨርስ ነበር። በዚህ አቆጣጠር ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ ነገር ገባኝ። ዝምተኛው እስከ ተ ድረስ ማንም አይነካውም፣ ቸ ላይ ኳሱ ከፍ ከፍ ማለት ይጀምራል፣ ኀ ላይ መቺዎቹ ኳሱን ይመቱበታል። አባዬ በመጀመሪያ ሳቀብኝ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ልክ ስሆን ግን መሳቁን ትቶ፣ ክርክሩ ሲጦፍ ፊቱን ሳያዞር «የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። «ሸ» እለዋለሁ፣ «ገና ነው» ይለዋል ለጋሽ ታደሰ። በዚያ ቤት እኔ ብቻ የምመልሰው ጥያቄ እሱ ነበር።

አንድ ማታ ከሌላ ከተማ የመጣው ተጋጣሚ ቡድን አሰልጣኝ ሕግ ዘነጋ። አሰልጣኝ በአንድ ዙር ውስጥ ወደ ፒቸሩ አንድ ጊዜ ሄዶ ሊያነጋግረው ይችላል፣ በዚያው ዙር ሁለተኛ ጊዜ ከሄደ ግን ፒቸሩ የግድ ይወጣል። ሰውዬው ሁለተኛ ሄደ፣ ደኅና የነበረው ፒቸሩም ወጣበት። ጋሽ ታደሰ ሱፉ እስኪያንቀው ሳቀ፣ እኔ ደግሞ ሕጉን ደብተሬ ጠርዝ ላይ ጻፍኩት።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ያ የቴክሳስ ሙቀት ሲመጣ፣ የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ልጆቻቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ በሚያጫውቱበት ውድድር የእኛም ቤተ ክርስቲያን አንድ ቡድን አስመዘገበ፣ ከልጆቹ አባቶች ሁሉ ስለ ቤዝቦል የሚያወራው አባዬ ብቻ ስለነበረ አሰልጣኝ ተባለ። ፎርሙ የምክትል አሰልጣኝ ስም ይጠይቅ ነበር። ጋሽ ታደሰ ቅዳሜ ሥራ ስለሚገባ አባዬ ትንሽ አሰበና የእኔን ስም ጻፈበት፣ ዕድሜ የሚጠይቅ መስመር አልነበረውም። አንገቴ ላይ የሚንጠለጠል ካርድ ተሰጠኝ፣ ዓይን እንዳይገባ በቲሸርቴ ውስጥ እደብቀው ነበር።

የቡድናችን ፒቸር ናቲ ነበር፣ ናቲ ብቻ። ዳዊት የሚባል ኳሱ ቀርፋፋ፣ ግን ያሰበበት ቦታ የሚያስቀምጥ ልጅ ነበረን፣ እኔ ብሆን የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙሮች ለእሱ እሰጥ ነበር፣ ዛሬም ቢሆን እሰጣለሁ። አባዬ ግን ዳዊትን ከሜዳው ጥግ አቁሞት፣ ናቲን የጀመረውን እንዲጨርስ ያደርገው ነበር፣ ናቲም እየጨረሰ ያሸንፍ ነበር። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ሁሉ አባዬን እየጨበጠ ስለ ልጁ ሲያነሳለት፣ በዚህ አገር እንደዚያ ደረቱን ነፍቶ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ለመጨረሻው ጨዋታ ሁለት ቀን ሲቀር እራት ላይ ነበርን፣ አራታችንም ከአንድ ትሪ እንበላለን። ናቲ በግራ እጁ መቁረስ ጀመረ። እማዬ ደንግጣ፣ «ገበታ ላይ በግራ? ይሄንንም እዚህ አገር አስተማሩህ?» አለችው። አባዬም ልጆቹ ብልግና እየለመዱ መሆኑን ተናገረ። ናቲ ይቅርታ ብሎ በቀኙ ያዘ፣ ሦስት ጊዜ ጎረሰና ጠገብኩ ብሎ ተነሣ። ከፊቱ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ፣ ሲጎርስ እጁ ወደ አፉ አልሄደም፣ አፉ ነው ጎንበስ ብሎ ወደ እጁ የመጣው። መኝታ ቤት ስጠይቀው ክርኑ ከሁለት ሳምንት ጀምሮ አልታጠፍ እንዳለው ነገረኝና፣ «ቅዳሜ ይለፍ። ለአባዬ ብትነግሪው አላናግርሽም» አለኝ። ቃል ገባሁለት፣ ዝምታ ደግሞ ለእኔ ቀላል ነበር።

ጨዋታው ሮውሌት ውስጥ ሐይቁ አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ ነበር። ከቤተ ክርስቲያናችን ሰው በመኪና በመኪና ሆኖ መጥቶ፣ እናቶች ነጠላቸውን ለፀሐይ ጥላ አድርገው ተቀምጠው ነበር። በስድስተኛው ዙር፣ ማለትም ከመጨረሻው በፊት ባለው፣ በአንድ ነጥብ እንመራለን። ናቲ ከዚያ በፊት «ቸ»ን አልፎ አያውቅም፣ ያን ዕለት ኀ ላይ ደረሰ። ኳሱ ከፍ ከፍ ማለት ሲጀምር አባዬ ሄዶ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ አበረታታውና ተመለሰ። ይህ የዚያ ዙር የመጀመሪያው መሄዱ ነው። ከዚያ ነ ጀመርኩ። ኑ ላይ ናቲ ቀኝ እጅጌውን በግራ እጁ ጎተተ፣ ኒ ላይ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ።

«አባዬ፣ ነ ደርሷል» አልኩ።

«ይጨርሳል» አለ፣ ዓይኑን ከሜዳው ሳያነሳ።

ክርኑን ያመዋል ማለት ፈልጌ ነበር፣ ነገር ግን ለናቲ ቃል ገብቼለት ነበር፣ ሰዉም ሁሉ አጠገባችን ነበር። ስለዚህ ደብተሬን ባልዲዬ ላይ አስቀመጥኩ፣ ካርዴን ከቲሸርቴ ውስጥ አወጣሁና ነጩን መስመር አልፌ ወደ ናቲ መሄድ ጀመርኩ። የማደርገውን አውቅ ነበር፣ በዚያ ዙር ሁለተኛው የአሰልጣኝ መሄድ ይሆናል። ናቲ ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ፣ «ተመለሽ» አለኝ በቀስታ፣ እኔ ግን አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። ዳኛው ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ነበሩ፣ ጨዋታውን አስቁመው መጡና ካርዴን አንሥተው አነበቡት፣ ከዚያ እኔን አዩ፣ ከዚያ አባዬን ጠሩት። ይህች ልጅ እውነት አሰልጣኝህ ናት ብለው ጠየቁት።

ልጄ ናት፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ፎርሙን ለመሙላት ያህል ነው የጻፍኳት ቢል ይስቁና ወደ ቦታዬ ይመልሱኝ ነበር፣ ናቲም ይቀጥል ነበር። አባዬ እኔን አየኝ፣ ናቲን አየው፣ ናቲ መሬት መሬት ያይ ነበር።

«አዎ፣ አሰልጣኝ ናት» አለ በእንግሊዝኛ።

ዳኛው ናቲን አስወጡት፣ ዳዊት ገባ፣ ሁለት ነጥብ ተቆጠረበት፣ በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። ዳዊት ሳይሟሟቅ ስለገባ አልፈርድበትም። ወደ ቤድፎርድ ስንመለስ የመኪናው ሬዲዮ አልተከፈተም። ሰኞ ዕለት ሐኪሙ ገና በማደግ ላይ ያለው የናቲ ክርን እንደተጎዳ፣ ጥቂት ቢቀጥል ኖሮ በቀላሉ እንደማይመለስ፣ እስከ ገና ኳስ እንዳይነካ ተናገረ። እማዬ የግራ እጁን ነገር አስታውሳ አለቀሰች፣ ከዚያ ወዲያ ለወር ያህል፣ «ና ላጉርስህ» እያለች የአሥራ አራት ዓመቱን ጎረምሳ በእጇ ታጎርሰው ነበር። ናቲ እንደዛተው አላናገረኝም፣ ግን በአራተኛው ቀን ረስቶት አናገረኝ።

ያልረሳው አባዬ መሰለኝ። ሐኪሙ ካለው በኋላም ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነፈሰም፣ ያቺን ጥያቄም አልጠየቀኝም። በቤተ ክርስቲያን ሰው ፊት መዋሸት አፍሮ ነው አዎ ያለው እንጂ በሆዱ ይዞብኛል ብዬ አመንኩ። ባልዲዋ በረንዳው ጥግ እንደተገለበጠች ነበረች፣ እኔ ግን አልተቀመጥኩባትም። ከሰዓት በኋላ አየሩ ቀዝቀዝ ማለት እስኪጀምር፣ ቅጠሉም በረንዳው ላይ መርገፍ እስኪጀምር ድረስ ጨዋታውን በመጋረጃው ጀርባ ቆሜ እሰማ ነበር።

የጥሎ ማለፉ ጨዋታ ሲመጣ ዝምተኛው ገባ። ጋሽ ታደሰና አባዬ እንደ ልማዳቸው ተያያዙ፣ አውሮፕላን አለፈ፣ ክርክሩ ቆመ። አውሮፕላኑ ካለፈ በኋላ ግን አባዬ ወደ ክርክሩ አልተመለሰም። ፊቱን ሳያዞር፣ ወደ ጨለማው ግቢ እያየ፣

«የት ደረሰ?» አለ።

ደብተር አልያዝኩም ነበር፣ ግን በልቤ ስቆጥር ነበር።

«በ» አልኩት ከመጋረጃው ጀርባ።

«ታዲያ እዚያ ምን ታደርጊያለሽ?» አለና ባልዲዋን በእግሩ ወደ ወንበሩ አስጠጋት። ጋሽ ታደሰ ብድግ ብሎ፣ «አሰልጣኝ መጣች፣ ግርማ፣ አንተ ከእንግዲህ ተባረሃል» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ አሰልጣኝ ሆኖ ቀረ።

ብርዱ ገብቶ ኳሱ ሲያርፍ ቡድኖች ተጫዋች ይለዋወጣሉ፣ እኛም በሩን ዘግተን ቤት ውስጥ እንከራከር ነበር። በዚያ ክረምት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ሐሳቤን የተናገርኩት። ጥሩ መቺ ለማምጣት ብለው ሁለት ወጣት ፒቸሮችን እንዳይሰጡ፣ መቺ በየዓመቱ እንደሚገኝ፣ ጤናማ ክንድ ግን እንደማይገኝ ተናገርኩ። ጋሽ ታደሰ ሱፉን ማኘክ አቁሞ አየኝ።

አሁን ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ናቲ ፍሪስኮ ውስጥ ቢሮ ይሠራል፣ በዚያ ክንዱ ለሴት ልጁ ኳስ ይወረውርላታል፣ ጓንቱም ለእሷ ተላልፎ ዛሬም በሶብላ በሶብላ ይሸታል። እኔም ሐሳቤ አልተለወጠም። ዛሬ ቡድናችን ፒቸር የሚያወጣው ኮምፒዩተር በቃ ሲለው ነው፣ ቁጥር መቁጠር ጥሩ ነው፣ እኔም ቆጣሪ ነኝ፣ ነገር ግን ቁጥሩ ዓይንን ወደ ሰውዬው ለመምራት ነው እንጂ ዓይንን ለመተካት አይደለም። እጅጌውን የሚጎትተውን «ቀ» ላይ አውጡት፣ ትከሻው ያልወረደውን እስከ ነ ተዉት። ሕፃናቱንም ክንዳቸው ሳይጠና ከታችኛው ሊግ አታምጧቸው።

አምና ጨዋታ እያየን ሳለ ያን ቀን ለምን አዎ እንዳለ አባዬን ጠየቅሁት። «እንግዳ ሲመጣ ሳሎኑን አቋርጠሽ የማታልፊ ልጅ ሜዳውን አቋርጠሽ ስትመጪ አየሁሽ። ከዚያ በላይ ምን ምልክት እፈልጋለሁ?» አለኝ።

ያን ጊዜ በሬዲዮ እንሰማ ነበር፣ የማናየውን ክንድ በፊደል እንቆጥር ነበር። ዛሬ ቴሌቪዥኑ ሰፊ ነው፣ የውርወራው ቁጥር ስክሪኑ ጥግ ላይ በትልቁ ተጽፎ ይታያል፣ አባዬም መነጽሩን አድርጎ በደንብ ያነበዋል። አንብቦትም፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «የት ደረሰ?» ይለኛል። እኔም ከጎኑ ወንበር ላይ ሆኜ «ቸ» እለዋለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም የሰውዬውን እጅጌ እናያለን።