ከከሳሼ ጋር የሮጥሁት ሩጫ

መጀመሪያ ያስተዋልሁት ሽታውን ነው፤ የገብስ አቧራና የአይጥ። አገረ ገዢው ደህና እስር ቤት ስላልነበራቸው የእህል ቤታቸውን አስጠርገው እኛን ከተቱን። በሩ ዝቅ ያለ ነው። ጎንበስ ብዬ ስገባ ቀኝ እጄ ወደ ኋላ ተጎተተ። እጄ ላይ በሰንሰለት የታሰረው ሰው ወፍራም ስለ ነበር በሩ አላሳልፍ ብሎት ነው። ያ ሰው ከሳሼ ነበር።

ለዛሬ ሰው ግራ ይሆን ይሆናል። በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ ይቆራኙ ነበር፤ የአንዱ ቀኝ እጅ ከሌላው ግራ እጅ ጋር። የበደለህም የበደልኸውም እንዳይጠፋ ነው። ከሳሼ አብሮኝ ይተኛል፣ አብሮኝ ይነሣል፣ ደጅ ስወጣም አብሮኝ ይወጣል። እሱ ሲያነጥስ እጄ ከእንቅልፉ ይነቃል።

ጥፋቴ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በአዳማ ባቡር ጣቢያ ጭነት አወርድ ነበር። ኅዳር ላይ ገበሬው አጨዳውን ትቶ የአገረ ገዢውን መንገድ እንዲሠራ ተለፈፈ። ማታ ጠጅ ቤት ተቀምጬ፣ «በመኸር ሰውን ከማሳው አንሥቶ ድንጋይ ማሸከም ግዛት አይደለም፤ ዘረፋ ነው» አልሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አጠገቤ ብርሌውን ታቅፎ የነበረው ሰው በነጋታው አገረ ገዢው ግቢ ሄዶ ተናገረ። ሹመት አገኛለሁ ብሎ ነበር፤ ያገኘው ግን የሰንሰለቱን ሌላ ጫፍ ነው።

«ተቆራኙ! ጊዜ ሳገኝ አያችኋለሁ» አሉ አገረ ገዢው። ጊዜ ግን አላገኙም። ኅዳር አለፈ፣ ጥርም አለፈ።

እስረኛን የሚያበላው ቤተሰቡ ነው። ከሳሼ ዘመድ አልነበረውም። ስለዚህ ያሳሰረኝን ሰው የምታበላው ሚስቴ ሆነች። መጀመሪያ ስንቅ ይዛ የመጣች ቀን ቆማ አየችው።

«ይኼ ነው?»

«እሱ ነው።»

ብዙ ትናገራለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን፣ «እጁን ታጥቧል?» ብላ ሳህኑን አስቀመጠች። መጠየቋ ትክክል ነበር። እኔ በቀኜ በጎረስሁ ቁጥር የእሱ ግራ እጅ እስከ አፌ ድረስ ይከተለኛል። አርሲ ያደገች ናት፤ በሶ በቅቤ ለውሳ ጭኮ ስታሽ የቅቤው ሽታ ከግቢው በር ይሰማል። ከሳሼ ጭኮዋን በቀመሰ ቀን ዐይኑን ጨፍኖ ጣቱን ላሰ። ከዚያ ወዲህ ስትመጣ ከተቀመጠበት ይነሣላታል፤ እኔም የግዴን እነሣለሁ።

መጋቢት ላይ የሚስቴ ሆድ እየገፋ መጣ። ሰኔ ላይ ትወልዳለች። ክረምት ሲገባ ደግሞ ችሎት ይዘጋል። የመጀመሪያ ልጄ እኔ የገብስ አቧራ እያሸተትሁ ሊወለድ ነው ማለት ነው። ከዚህ በቀር የሚያሳስበኝ ነገር አልነበረም።

ሩጫው የመጣው በዚህ መካከል ነው። ጣቢያው አጠገብ ሱቅ የነበረው ግሪካዊ ነጋዴ ስለ አገሩ ረጅም ሩጫ ለአገረ ገዢው አጫወታቸው። ማራቶን ይሉታል፤ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ መንገድ በሩጫ ነው። አገረ ገዢው ወደዱት። ግንቦት ላይ ከጣቢያው ተነሥቶ አዋሽ ወንዝ ደርሶ መመለስ ነው ተባለ። ግሪኩ መንገዱ ጥቂት ይጎድላል ቢላቸው፣ «የጎደለውን ገበያውን ይዙሩት» አሉ።

እህል ቤቱን በሚጠብቀው ሽማግሌ ዘበኛ በኩል እኔም ልሩጥ ብዬ አስጠየቅሁ። መልሱ መጣ። «ቁራኛ ያለ ፍርድ አይፈታም። ቁራኛህ ከሮጠ ሩጥ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከገባችሁ እዚያው ነገራችሁን አያለሁ። ከጠለቀች ክረምቱ ይለፍ።»

ከሳሼን አየሁት። ከሳሼ ሆዱን አየ። ሰንሰለቱን በነጻ እጁ ሲያገላብጥ ቆየና፣ «እሺ» አለ። ለምን እንዲህ እንደ ከበደው ያን ጊዜ አልገባኝም።

«አንደኛ ነው የምንወጣው» አልሁት።

«አንተ ልጅ፣ እኔ በጉብዝናዬ የጌታዬን በቅሎ ተከትዬ እየሮጥሁ ሸዋን ከአርሲ አዳርሻለሁ። ጠዋት የቸኮለ አሽከር ከሰዓት በኋላ ጌታውን ያጣል። አንደኛውን ተወው። የዛሬ ሐሳባችን ሳንወድቅ ዋርካው ዘንድ መድረስ ይሁን።»

ሳቅሁበት። ዋርካው ግቢው ውስጥ ነው፤ ድንጋይ ብትወረውር ይደርሳል። ግን ሳንደርስ ወደቅን። እኔ ፈጥኜ፣ እሱ ዘግይቶ፣ ሰንሰለቱ መካከል ላይ ተወጥሮ ሁለታችንንም አፈር ላይ ጣለን። ሽማግሌው ዘበኛ ጠመንጃውን ተደግፎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«ሱታ! ሱታ!» አለ በኦሮምኛ። «ቀስ በሉ እንጂ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አላሉም?»

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ለውሃ ስንወጣ ግቢውን እንዞራለን። አንድ ላይ የተያዙት እጆቻችን አብረው መወዛወዝ ስላለባቸው የእኔ ግራ እግር ሲነሣ የእሱ ቀኝ መነሣት አለበት። የአውድማ ዘፈን እያንጎራጎርን እግር ማስማማት ጀመርን። ዋርካው ተቻለ። ቀጥሎ ግቢውን አንድ ዙር፤ ቀጥሎ እያወሩ መዞር። «እያወራህ መሮጥ ካልቻልህ እየሮጥህ አይደለም፤ እየሸሸህ ነው» ይለኛል። አንድ ቀን ብርታት ይሰጠኛል ብሎ አንድ ቅል ሙሉ ጭኮ ብቻውን ጨረሰና ሦስተኛው ዙር ላይ መልሶ ለዋርካው አበላው። በማግስቱ ሚስቴ፣ «እንግዲህ ለእርስዎ በሶ ብቻ ነው» አለችው። አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። ቀበቶው ሲሰፋ በገመድ እየሳበ ያስረው ጀመር።

እኔም ሳላስበው ደስ ይለኝ ጀመር። እስረኛ ነኝ፤ ግን ጠዋት ስነሣ ለዛሬ የምደርስበት ቦታ አለኝ።

የሩጫው ዕለት ጣቢያው በሰው ሞላ። ወጣቶቹ እንደ ወፍ ቀለው ቆመዋል። እኛ ሰንሰለታችንን እያንሿሿን ስንመጣ አንዱ፣ «ሙሽሮቹ መጡ! እልል በሉ!» ብሎ ጮኸ፤ ሴቶቹም የምራቸውን እልል አሉ። ከሳሼ በነጻ እጁ እጅ ነሣ።

ሲለቁን ሁሉም ጥለውን በረሩ። እኛ በዘፈናችን ቀጠልን። ፀሐዩ ያነድዳል፤ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል። ሽማግሌው ዘበኛ በበቅሎ ተከትሎናል። ወንዙ ደርሰን ፊታችንን ስንታጠብ ከቸኮሉት ውስጥ አንዳንዶቹ ግራር ሥር ተዘርግተው አገኘናቸው። ሐሳባችን መግባት ብቻ ስለ ነበር አልፈናቸው ተመለስን።

የከተማው ጣሪያዎች ሲታዩ ከሳሼ በድንገት ቁጭ አለ። እኔም አብሬው ቁጭ።

«እግርህ ነው?»

«እግሬስ ደህና ነው» አለ። «ወዴት እንደምሮጥ አሁን ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ምስክር የለኝም። ጠጅ ቤት የነበሩት ሁሉ አልሰማንም ብለዋል። ምስክር ያጣ ከሳሽ ለተከሳሹ የታሰበውን ጅራፍ እሱ ይቀበላል። እህል ቤቱ ብቀመጥ ይሻለኝ ነበር፤ ደግሞም የሚስትህ እጅ…» ሳይጨርስ ተወው።

ምን ልበለው? ተነሥልኝ ማለት ሄደህ ተገረፍልኝ ማለት ነው። ፀሐይዋ ወደ ተራራው አጋድላለች። እሱም አያት።

«ሰኔ ነው ያልኸኝ?»

«ሰኔ ነው።»

«ተነሣ እንግዲህ፣ ምን ጎልቶሃል?» አለና የተቀመጠው እሱ ሆኖ እኔን ጎተተኝ።

ገበያውን ዞርን። የፀሐይዋ ግማሽ ተራራው ላይ ሳለች ጣቢያው ገባን። እልልታው እንደ ሰርግ ነበር።

አገረ ገዢው ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ግሪኩ አጠገባቸው ቆሟል። ቃላቸውን አላጠፉም።

«ከሳሽ፣ ምስክርህ?»

«የለኝም ጌታዬ።»

«ተከሳሽ፣ ብለሃል ወይስ አላልህም?»

የጠጅ ቤት ሰዎች መሬት መሬት ያያሉ። «አላልሁም» ብል ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፤ ጎኔ ያለው ሰው መሬት ይነጠፋል። ግን ለእሱ ብቻ ብዬ አይደለም። ያ ነገር እውነት ነበር፤ ያልሁትም እኔ ነበርሁ። በሌላ ሰው ጀርባ ላይ ልክደው አፈርሁ።

«ብዬአለሁ» አልሁ።

አገረ ገዢው ጎንበስ ብለው፣ «አሁንስ ትለዋለህ?» አሉኝ።

«አሁን ግንቦት ነው ጌታዬ። መኸር ሲደርስ ደግሞ እለዋለሁ።»

መጀመሪያ የሳቀው ግሪኩ ነው። ቀጥሎ ሕዝቡ። አገረ ገዢው ጢማቸውን ነክሰው ቆዩ። እንግዳ ፊት፣ እልል የተባለለትን ሰው መግረፍ ሳይከብዳቸው አልቀረም። «እንግዲያው መኸር ሳይደርስ ሥራው!» አሉ። «ዝናብ እስኪገባ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተሸከም። ቤትህ እደር። ፍቷቸው!»

ሰንሰለቱን የሰበረው ባለእጅ መዶሻውን ሲያነሣ ከሳሼ ዐይኑን ጨፈነ። ሲለያየን ሁለታችንም ወዴት እንደምንሄድ ለጥቂት ጊዜ ጠፋብን።

ቤት ስደርስ ሚስቴ በሩ ላይ ቆማለች።

«ካድህ?»

«አልካድሁም።»

«ግባ እንግዲህ» አለችና መንገድ ለቀቀችልኝ።

ልጃችን በሰኔ ተወለደች። ዛሬ እሷ ራሷ የልጆች እናት ናት፤ ልጆቿም ሲመጡ ስለዚያ ሩጫ ይጠይቁኛል። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚሉት፣ «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። ከገቡት ሁሉ መጨረሻ እንደ ወጣሁ ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል። እኔ ግን ስለው ደስ ይለኛል። የዚያን ቀን የሚያስፈልገኝ ቀን ሳይመሽ ገብቶ በገዛ አፌ የተናገርሁትን በገዛ አፌ ማጽናት ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ደርሻለሁ።