ለሚስት ግድያ ስም ያገኘው ሽማግሌ

ዛሬ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈራችን፣ ባሏ በገደላት ጎረቤታችን ለቅሶ ላይ የቋንቋ ትምህርት ተሰጠን።

አስተማሪያችን ወደብ ላይ የሚሠራ የሰፈራችን አስታራቂ ሽማግሌ ነው። በዚህ ሙቀት ከረባት አስሮ መጥቷል።

"እንግሊዞች ሚስትን መግደል ‘አክሶሪሳይድ’ ይሉታል። ከላቲን የመጣ ነው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም" አለን ከስልኩ እያነበበ።

ሀራሙስ፣ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ ሰው ቤት የምትሠራው የሟች እህት ቀና ብላ አየችው።

"ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት ‘ሊገድላት ነው፣ ያስጥሏት’ ብዬ ደጅዎ ስመጣ ግን ‘የባልና ሚስት ጠብ ነው፣ ይበርዳል’ ነበር ያሉኝ።"

ሽማግሌው ስልኩን ኪሱ ከትቶ ጫማውን ፈለገ። ቆሞ የሸኘው ሰው የለም።

ሴቲቱን በሕይወት እያለች ጆሮ ነፍጓት፣ ስትሞት አፍ ያወጣ ሽማግሌ እናንተ ሰፈርስ የለም? እስቲ ጻፉልኝ።