ፖሊስ መሳቢያ የገባው ስልክ

በስሟ የሚጠራት የለም፤ ለሰፈሩ ሁሉ «ሰፊዋ» ናት። እናቷ ስትሞት ከስድስተኛ ክፍል ወጥታ የስፌት መኪና ላይ ተቀመጠች፤ ይኸው ሠላሳ ዓመት አልተነሳችም። ታናሽ ወንድሟን ያስተማረችው በዚያው መኪና ነው። ጋዜጠኛ ሲሆን ሰዎች «ወንድምሽ ምላሱ ረዘመ» ቢሏት፣ «እኔ በእጄ እሠራለሁ፣ እሱ ባፉ ይሥራ» ትል ነበር።

ኢሜይል ሲያወጣ ስልክ ተጠየቀ። የራሱ መስመር ተዘግቶበት ስለነበር የሱቋን ቁጥር ሰጠ። ስድስት አሃዝ ያለው የማረጋገጫ ቁጥር ሲመጣ፣ ክር በጥርሷ ነክሳ አነበበችለት።

በዓመቱ በየወህኒው ስለሚሞቱ እስረኞች በዚያ ኢሜይል ውጭ አገር ላለ ጋዜጣ ጽፎ ላከ። ስሙን አላሰፈረም። ፖሊሶቹ ግን ሳይሳሳቱ ሱቋ ድረስ መጡ። የኢሜይሉ ኩባንያ ቁጥሩን አሳልፎ ሰጥቷቸዋል። ወንድሟንም ስልኩንም ይዘው ሄዱ። ሰባት ዓመት ተፈረደበት።

ጠበቃው፣ «ኩባንያው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መስጠቱን በጽሑፍ ካመነልን ይግባኙ ተስፋ አለው። ሐሙስ ነው ቀጠሮው» አላት።

ማክሰኞ ኩባንያው ቢሮ ሄደች። መስታወቱ ከመጽዳቱ ብዛት በሩን አጥታው በግንባሯ ልትገባ ነበር።

«እናቴ፣ እዚህ ማስታወቂያ ብቻ ነው የምንሸጠው» አለች እንግዳ ተቀባይዋ። «ጥያቄ በኢንተርኔት ነው። ቆይ፣ እኔ ልሙላልዎት።»

ደግ ልጅ ናት፤ ገጹን ሁሉ ሞላችላት። መጨረሻ ላይ፣ «አሁን የማረጋገጫ ቁጥር ተልኳል፤ ይንገሩኝ» አለች።

«የት ተላከ?»

«በተመዘገበው ስልክ።»

«እሱማ ፖሊስ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ምትክ ሲም እንዳላወጣም ከልክለውኛል።»

«ያለሱ አይቻልም፣ እናቴ። ለደንበኞቻችን ምስጢር ስንል ነው።»

ሰፊዋ ሳቅ አመለጣት። «ልጄ፣ ፖሊሶቹን ስንት ቁጥር ጠየቃችኋቸው?»

ልጅቷ የሞላችውን ገጽ ዘጋችው።

ከዚያ ወደ ፖሊስ ጣቢያ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ገና ሲያያት፣ «ደግሞ መጣሽ?» አላት።

«ስልኩን አውጣና ከፍተህ ቁጥሩን ብቻ አንብብልኝ።»

«ማስረጃ አይነካም። ምን ቁጥር ቁጥር ትያለሽ? እኛ አንድ ደብዳቤ ጽፈን አይደል የሰጡን!»

ለኩባንያው ጥያቄዋ መልሱን ያገኘችው ከእሱ ነው፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አልነበረም። በጽሑፍ ስጠኝ ብትለው በሩን አሳያት።

ሐሙስ ጠበቃው ባዶ እጁን ቆመ። ይግባኙ ውድቅ ሆነ።

ቅዳሜ ወንድሟን ልትጠይቅ ወህኒ ቤት ሄደች። ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ነው የመጣው።

«እታለም፣ ሱሪው ሰፋኝ፤ አጥብቢልኝ» ብሎ ቅያሪውን ሰጣት።

«ያን ቁጥር ባላነብልህ ኖሮ…»

«ተይ እንጂ! አንቺ ለኔ አነበብሽ፤ ለፖሊስ ያነበበው ሌላ ነው።»

እውነቱን ነው፤ ግን ጸጸቱ አልወጣላትም። ያ ሌላው ማን እንደሆነ ታውቃለች፤ በሩንም ታውቃለች፤ የሚያናግራት ሰው ነው ያጣችው።

ሱቋ ተመልሳ ሱሪውን በየጎኑ ሁለት ሁለት ጣት አጠበበችው። ትርፉን ጨርቅ ልትቆርጥ መቀስ አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። ወደ ውስጥ አጥፋ ሰፋችው፤ እሱ ሲፈታ ጨርቁ ይለቀቅለታል።